ዲኤንዲ ላይ የሚረባ ቀስተኛ እንዴት ይሠራል

ዲኤንዲ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን፣ እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘን፣ በዳይስ የምንጫወተው የታሪክ ጨዋታ ነው። የመጀመሪያው ቀስተኛዬ ጉልበተኛ ነበር። ቀስት መሳብ ክንድ ይፈልጋል ብዬ ለገጸ ባሕርዩ ችሎታዎች ከሚከፋፈሉት ቁጥሮች ትልቁን፣ 15ን፣ ስትሬንግዝ (ጉልበት) ላይ አስቀመጥኩ። ለዴክስተሪቲ (ቅልጥፍና) 12 ደረሰው። ዲኤማችን፣ ታሪኩን የሚመራው ሰው ማለት ነው፣ የባሕር ዳር ልጅ ስለሆነ ታሪኩን ዞሮ ዞሮ ጣና ላይ ነው የሚጥለው፤ ያን ቀንም በታንኳ ወደ አንዲት ደሴት እየቀዘፍን ሳለ ከደንገሉ ውስጥ ሽፍቶች ብቅ አሉብን። ስድስት ጊዜ ተኮስኩ። አምስቱ ፍላጻ ለዓሣ ሆነ። ጓደኞቼ እስከ ዛሬ "ዓሣ አጥማጁ" ይሉኛል።

በእውነተኛው ዓለም ቢሆን ሐሳቤ ልክ ነበር። ጨዋታው ግን እንደዛ አይቆጥርም። በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ማለቴ ነው፣ ፍላጻው መምታቱም ጉዳቱም የሚሰላው በዴክስተሪቲ ነው። ቀላል ትጥቅ ስትለብሱ መከላከያችሁን የሚጨምረውም፣ ተራ ሲወጣ የሚያስቀድማችሁም፣ መደበቁም እሱ ነው። ስለዚህ 15ን እዚያ አድርጉ፣ 14ን ኮንስቲትዩሽን (ጽናት) ላይ፣ 13ን ዊዝደም (ማስተዋል) ላይ፤ አድፍጦ የሚጠብቅን ሰው ቀድማችሁ ታዩበታላችሁ። 8ን ስትሬንግዝ ላይ ጣሉት። አትዘኑለት።

ከክላሶቹ፣ ማለትም ከገጸ ባሕርይ ሙያዎቹ፣ ለጀማሪ የምመክረው ፋይተርን (ተዋጊውን) ነው። ከአንደኛ ሌቭል ጀምሮ አርቸሪ የሚባለውን የውጊያ ስልት ይሰጣችኋል፣ በእያንዳንዱ ተኩስ የመምቻው ዳይስ ላይ 2 ይደመራል። ትንሽ ይመስላል፣ አይደለም። ሬንጀርም ያገኘዋል፣ ግን ሁለተኛ ሌቭል ላይ፤ ያኔ ሀንተርስ ማርክ የሚባለውን አስማትም መውሰድ ይችላል፣ ምልክት የተደረገበት ጠላት በተመታ ቁጥር ባለ 6 ጎን አንድ ዳይስ ጉዳቱ ላይ ይጨመርለታል። ሮግ ሌላ ነገር ነው። ጓደኛችሁ ጠላት አጠገብ ቆሞ ሲፋለም ሮግ ከሩቅ ሆኖ ስኒክ አታኩን (ተጨማሪ ጉዳት ያለውን ምት) ይለቃል፣ ሲመታ ያስደስታል፣ ግን በተራው አንድ ተኩስ ብቻ ስላለው ከሳተ ሳተ ነው። ፋይተር አምስተኛ ሌቭል ላይ ሁለቴ፣ አስራ አንደኛ ላይ ሦስቴ ይተኩሳል። እኔ ብዙ ፍላጻ የሚለቀውን እመርጣለሁ።

ቀስቱ ሎንግቦው (ረጅሙ ቀስት) ይሁን። ጉዳቱ ባለ 8 ጎን ዳይስ ነው፣ 150 ጫማ ድረስ ያለ ችግር ይመታል፣ እስከ 600 ጫማ ደግሞ በዲስአድቫንቴጅ፣ ማለትም ዳይሱን ሁለቴ ጥላችሁ ትንሹን ትወስዳላችሁ። ቁጥሩ ካልገባችሁ እንደኛ አድርጉ፦ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ አስቡ። ወርዱ 43 ሜትር ነው፣ 150 ጫማ ማለት ከዚያ ትንሽ ይበልጣል። 600 ጫማ ደግሞ ከ380 ሜትሩ ርዝመት ግማሽ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ሃፍሊንግ ወይም ሌላ ትንሽ ፍጡር ከሆናችሁ ግን ሎንግቦውን ተዉት፣ ይከብዳችኋልና ሁሌም በዲስአድቫንቴጅ ነው የምትተኩሱት። ሾርትቦው (አጭሩን ቀስት) ውሰዱ።

አሁን ወደ ሻርፕሹተር፣ ገጸ ባሕርያችሁ ሊወስደው ወደሚችለው ልዩ ችሎታ። ገና ከመጀመሪያው የሚያገኘው ቫሪያንት ሂውማን (ልዩ ችሎታ ይዞ የሚጀምር የሰው ዓይነት) ነው፣ ሌላው አራተኛ ሌቭል ድረስ ይጠብቃል። ከመምቻው ዳይስ ውጤት 5 ስትቀንሱ ጉዳቱ ላይ 10 ይጨምርላችኋል። ሰው ሁሉ ይወደዋል፣ መቼ እንደሚያዋጣ የሚያሰላው ግን ጥቂት ነው። ዴክስተሪቲው 16 የሆነ የአንደኛ ሌቭል ፋይተር እንውሰድ። ከዴክስተሪቲ 3 (16 የሚሰጠው ጭማሪ ነው)፣ ከፕሮፊሸንሲ (መሣሪያውን ከመልመድ) 2፣ ከአርቸሪ 2፤ ድምሩ 7። የጠላት አርመር ክላስ (እሱን ለመምታት መድረስ ያለባችሁ ቁጥር) 15 ከሆነ በባለ 20 ጎኑ ዳይስ 8 እና ከዚያ በላይ ይበቃችኋል፣ 65 በመቶ ማለት ነው። አርቸሪ ባይኖር 55 ነበር። በሻርፕሹተር 5 ስትቀንሱ 40 ላይ ትወርዳላችሁ፣ ግን በአማካይ 7.5 የነበረው ጉዳት 17.5 ይሆናል። አባዙት። በፊት በአንድ ፍላጻ 4.9 ገደማ ነበር፣ አሁን 7 ሆነ። ጠላት ከባድ ብረት ለብሶ 20 ከደረሰስ? ያኔ ሳትቀንሱ 3፣ ቀንሳችሁ 2.6 ነው። ክሪቲካሉን (ዳይሱ 20 ሲወጣ የሚጨመረውን ጉዳት) ትቼ ነው ያሰላሁት፣ ነገሩን አይቀይረውም። እንግዲህ ለስላሳውን በሻርፕሹተር፣ ብረት ለባሹን በደህናው ተኩስ። እ.ኤ.አ. በ2024 በተሻሻለው ሕግ ይሄ 5 ቀንሶ 10 መጨመር ቀርቷል፤ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ዲኤሙን በየትኛው ነው የምንጫወተው በሉት።

ይሄ ሁሉ ወረቀት ላይ ነው። ቀስተኛ የሚበላሸው ግን መቆሚያው ላይ ነው። እኛ ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር አንድ ጁስ ቤት ነው የምንጫወተው፤ ካርታችን የካሬ ደብተር ገጽ፣ ተዋጊዎቻችን የቢራ ቆርኪ፣ ጠላቶቹ ጥሬ ቡና። አንዷ ካሬ 5 ጫማ ናት። ባለፈው አንዱ ጓደኛችን ቆርኪውን ከእኔና ከአንዲት ቡና መካከል ገተረው። "ልሸፍንህ ብዬ ነው" ይላል። የሸፈነው ጠላትን ነው! በመካከል ሰው ካለ ጠላት ሃፍ ከቨር (ግማሽ ሽፋን) ያገኛል፣ አርመር ክላሱ በ2 ያድጋል፣ አርቸሪ የሰጠችኝ 2 በዚያው ሄደች። ሻርፕሹተር ስላልነበረኝ ነው እንጂ እሱ ይሄን ሽፋን ከምንም አይቆጥረውም። ሁለት ካሬ ወደ ጎን ወጣሁና ተኮስኩ። ይኸው ነው ዘዴው፣ ከመተኮሳችሁ በፊት በጣታችሁ ከቆርኪው እስከ ቡናው መስመር ስቡ።

እንቅስቃሴያችሁን መቁረጥም ይቻላል። ሰው ከሆናችሁ በተራችሁ 30 ጫማ አላችሁ። ከግድግዳው ጀርባ ሦስት ካሬ ወጥታችሁ ተኩሳችሁ ሦስቱን ትመለሳላችሁ፣ ጠላት ተራው ሲደርስ የሚያየው ግድግዳ ብቻ። ደንገል ውስጥ ተደብቃችሁ ከተኮሳችሁ ደግሞ አድቫንቴጅ (ሁለቴ ጥሎ ትልቁን መውሰድ) ታገኛላችሁ፣ ዲኤሙ ደንገሉ ይሸፍናል ካለ። ከተኮሳችሁ በኋላ ያላችሁበት ይታወቃልና እዚያው አትሙቱ።

ጠላት አጠገባችሁ ከደረሰ ቀስት በዲስአድቫንቴጅ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው እልህ ይይዘውና ይተኩሳል። ሾርትሶርድ (አጭር ሰይፍ) መዛችሁ ውጉት፣ እሱም በዴክስተሪቲ ነው የሚሠራው። መሬት ላይ የወደቀ ጠላትንም ከሩቅ አትተኩሱበት፣ ያም ዲስአድቫንቴጅ አለው። ለጓደኛ ተዉለት።

ጨለማን ሰው ይረሳዋል። ኤልፍ በጨለማ የሚያየው 60 ጫማ ነው፣ ቀስቱ ግን 150 ይደርሳል፤ ሰው ደግሞ ጭራሽ አያይም። እኛ እንኳ መብራት ሲጠፋብን በስልክ ባትሪ ነው ዳይሱን የምናነበው። ችቦ ያለው ጓደኛ ከፊት ይሂድ።

ፍላጻ ቁጠሩ። 20ው በ1 ወርቅ ነው፣ ውጊያው ሲያልቅ አንድ ደቂቃ ፍለጋ ካደረጋችሁ ከተኮሳችሁት ግማሹን ታነሳላችሁ። ውሃ ላይ የወደቀውን ግን የእኛ ዲኤም አይመልስም። ጨዋታው ጣና ላይ ከሆነ እኔ 40 ይዤ ነው የምሄደው።