ካልኩሌተር የሌለበት ኬሚስትሪ፦ ዳት ተፈታኞች ደጋግመው የሚወድቁባቸው ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የሚወሰደው ዳት ላይ ኬሚስትሪው በካልኩሌተር አይሠራም። ባዮሎጂ፣ ጄኔራል ኬሚስትሪና ኦርጋኒክ ተደምረው 100 ጥያቄ ናቸው፤ ሰዓቱ 90 ደቂቃ። ለአንዱ ጥያቄ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርስም። የሂሳቡ ክፍል ላይ ስክሪኑ ላይ ካልኩሌተር ይመጣል፤ ይህን የሰሙ ልጆች ኬሚስትሪውም ላይ ያለ መስሏቸው ይዘናጋሉ። የለም።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ምርጫዎቹን ሳያዩ ስሌት መጀመር ነው። እንዴ፣ ምን አስቸኮላችሁ? ጥያቄው ግማሽ ሞል ጋዝ 2 ሊትር ዕቃ ውስጥ በ27 ዲግሪ ሴልሺየስ አለ፣ ግፊቱ ስንት ነው ይላል እንበል። ልጁ በወረቀት ፋንታ ከተሰጠው ሰሌዳ ጋር ያለውን ማርከር ያነሳና 0.5ን በጋዝ ቋሚው በ0.0821፣ ያንን ደግሞ በ300 (27 ዲግሪ በኬልቪን) ያባዛል፣ ለ2 ያካፍላል፣ ሰሌዳውን ሞልቶ፣ አንዴ አጥፍቶ እንደገና ጽፎ፣ በስንት መከራ 6.16 ላይ ይደርሳል። ቀና ሲል ምርጫዎቹ ላይ 6.16 የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ያልተሠሩ ስሌቶች ናቸው። ትክክለኛው (0.5)(0.0821)(300)/2 ተብሎ እዚያው ተቀምጧል፤ አንዱ በ300 ፋንታ 27 አለበት፣ ሌላው ተገልብጧል። የተጠየቀው ማባዛት መቻላችሁ ሳይሆን ቀመሩን ማወቃችሁ ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ ዳት ላይ የተለመደ ነው፣ እኔም ስናገር ከርሜያለሁ፣ አሁንም በየሳምንቱ አንድ ልጅ ፊቴ ቁጭ ብሎ 0.0821ን ሲያባዛ አያለሁ።

ምርጫዎቹ ቁጥር ቢሆኑም መጀመሪያ እነሱን እዩ። ተራርቀው ከተቀመጡ እንደፈለጋችሁ አጠጋጉ። ተቀራርበው ከሆነ ብቻ ተጠንቀቁ።

ማጠጋጋትም ቢሆን ሥርዓት አለው። ስታባዙ አንዱን ከፍ ካደረጋችሁ ሌላውን ዝቅ አድርጉ። ስታካፍሉ ግን ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሂዱ። 48ን ለ19 ስታካፍሉ 50 ለ20 ብትሉ 2.5 ይመጣል፤ እውነተኛው 2.53 ገደማ ነው። 45 ለ20 ካላችሁ 2.25 ነው፣ ጎረቤት ያለው የተሳሳተ መልስ ይጠልፋችኋል።

የ10 ርቢ ላይ ደግሞ ጎበዞቹ ሳይቀሩ ይሳሳታሉ። 10⁻¹⁴ን ለ2×10⁻⁵ ማካፈል ነው እንበል። 1 ለ2 ሲካፈል 0.5፣ ርቢው −9፣ ስለዚህ 0.5×10⁻⁹። እስከዚህ ሁሉም ይደርሳል። ነጥቧን ሲያዛውሩ ግን ግማሾቹ 5×10⁻⁸ ይጽፋሉ። አንዲት በጣም ጎበዝ ተማሪዬ ኬሚስትሪውን አንድም ሳትስት ሠርታ እዚህች ጋ ወደቀች፤ ፈተና አውጪው የት እንደምትወድቅ ያውቃልና 5×10⁻⁸ ምርጫው ላይ ነበረላት። 0.5ን ወደ 5 ካሳደጋችሁት ርቢው የግድ ማነስ አለበት፦ 5×10⁻¹⁰።

ስኩዌር ሩት ላይ ርቢው ተጋማሽ ካልሆነ አትጀምሩ። √(4.9×10⁻⁹) ሲመጣ 10⁻⁴·⁵ ብለው ጽፈው የሚደርቁ አሉ። ነጥቧን አንድ ቤት ግፏት፣ 49×10⁻¹⁰ ትሆናለች። ሩቱ 7×10⁻⁵። ቁጥሮቹ እንዲህ እንዲወጡ ሆነው ነው ብዙ ጊዜ የሚመረጡት፤ መልሳችሁ የማያምር ቁጥር ከሆነ መንገዱን ጠርጥሩ።

አሲድነት ሲጨምር የሚቀንሰው ፒኤች ላይ ሎግ 2 ማለት 0.3፣ ሎግ 3 ማለት 0.48 መሆኑን ካወቃችሁ ይበቃል። የሃይድሮጂን አዮኑ 3×10⁻⁴ ከሆነ ፒኤቹ 4 ሲቀነስ 0.48፣ ማለትም 3.52 ነው። ደምረው 4.48 የሚሉት ብዙ ናቸው። 3×10⁻⁴ ከ10⁻⁴ ይበልጣል፣ አሲድነቱም ይበልጣል፣ ፒኤቹ እንዴት ከ4 በላይ ይሆናል? ብዙ ጊዜ በ3 እና በ4 መሃል ያለው ምርጫ አንድ ብቻ ስለሆነ ሎጉም አያስፈልጋችሁም።

ሁሉን አባዝቶ መጨረሻ ላይ ማካፈልም ሌላው ጣጣ ነው። 4.9 ግራም ሰልፈሪክ አሲድ ገለልተኛ ለመሆን ስንት ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈልጋል? የአሲዱ አንድ ሞል 98 ግራም ነው፣ 4.9 የዚያ አንድ ሃያኛ ነው። ለአንድ ሞል አሲድ የሚያስፈልገው ሁለት ሞል ሃይድሮክሳይድ 80 ግራም ነው። 80 ለ20፣ 4 ግራም። ማርከር አላነሳሁም።

ሴልሺየስን ወደ ኬልቪን ቀይሩ። ከ27 ወደ 127 ዲግሪ ማለት ከ300 ወደ 400 ኬልቪን፣ 4/3 እጥፍ ነው፣ አምስት እጥፍ የሚጠጋ አይደለም።

ቤት ውስጥ ስልክ አውጥቶ መለማመድ ደግሞ ራስን ማታለል ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከማስጠናቸው መካከል አገር ቤት 12ኛን ጨርሰው የመጡት እዚህ ላይ ይሻላሉ፤ ማትሪክ ላይ ካልኩሌተር የት አለና? እዚህ ያደጉት ውዶቼ ግን 7 ሲባዛ በ8 ስላቸው እጃቸው ወደ ኪሳቸው ይሄዳል። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት።

ስሌቱ ከደቂቃ በላይ ከወሰደባችሁ አንዱን ምርጫ ነክታችሁ፣ ምልክት አድርጋችሁበት እለፉ። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም፣ ስለዚህ ባዶ አትተዉ።