ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ሲገዙ ኤጀንትዎ ከሻጩም ጋር የሚሠራ ከሆነ

አዲስ አበባ ላይ ደላላ ከገዢም ከሻጭም ኮሚሽን ሲቀበል የሚገረም የለም፤ ሥራው ማገናኘት ነውና። ሜሪላንድ ግን ኤጀንት የወከለውን ሰው ጥቅም የማስጠበቅ ግዴታ አለበት። አንድ ድርጅት ገዢውንም ሻጩንም ሲወክል (ዱዋል ኤጀንሲ ይሉታል) ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የሜሪላንድ ሕግ አንድ ኤጀንት ብቻውን ሁለቱንም እንዲወክል አይፈቅድም። ዱዋል ኤጀንሲ የሚፈቀደው ሁለቱም ወገኖች በጽሑፍ ሲስማሙ ብቻ ነው፤ ያኔም የድርጅቱ ብሮከር (የኤጀንቶቹ ኃላፊ) ወይም እሱ የሰየመው ሰው መሃል ሆኖ ለገዢና ለሻጭ የተለያየ ኤጀንት ይመድባል። ስለዚህ ቤቱን ገበያ ላይ ያወጣው ኤጀንት «ለእርስዎም እኔው እሆናለሁ» ካለ፣ ወረቀት በመሙላት ሊረዳዎ ይችላል እንጂ ወኪልዎ አይደለም። ደንቡ እንደየስቴቱ ይለያያል፤ ፍሎሪዳና ኮሎራዶ ዱዋል ኤጀንሲን ጭራሹኑ ከልክለዋል።

ቤቱን ከማየትዎ በፊት በቴክስት ይጠይቁ፦ «ይህን ቤት የሚሸጠው የእናንተ ድርጅት ነው? እርስዎስ የማን ወኪል ነዎት?» መልሱ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ እስከ ስንት መክፈል እንደሚችሉ፣ የኪራይ ውልዎ መቼ እንደሚያልቅ፣ ቤቱን ምን ያህል እንደወደዱት አይናገሩ። ለሻጩ ኤጀንት የነገሩት ሁሉ ሻጩ ጋ ሊደርስ ይችላል። ኤጀንቱ የቤተ ክርስቲያን ወንድም ወይም የአገር ልጅ ሲሆን ይህን መጠየቅ ይከብዳል፤ ይሉኝታ ግን እዚህ ላይ በሺዎች ዶላር ያስከፍላል።

ቀጥሎ ወረቀቱ ነው። ከነሐሴ 2024 ወዲህ አብዛኞቹ ኤጀንቶች ቤት ከማሳየታቸው በፊት የገዢ ውል (ኤጀንቱ እርስዎን እንዲወክል የሚፈርሙትን) ያስፈርማሉ፤ የዱዋል ኤጀንሲ ፈቃድም አብሮ ይቀርብ ይሆናል። ይህን ፈቃድ የመፈረም ግዴታ የለብዎትም። አስቀድመው ቢፈርሙ እንኳ፣ ለተወሰነ ቤት ኦፈር (የመግዣ ሐሳብ) ሲያቀርቡ ፈቃድዎን የሚያረጋግጥ ሌላ ፊርማ አለ፤ እሱን ሳያነቡ አይለፉ። እንቢ ካሉ ድርጅቱ ለዚያ ቤት ከእርስዎ ወይም ከሻጩ፣ አለዚያም ከሁለቱም ጋር ያለውን ውክልና መተው አለበት፤ እርስዎም ሌላ ድርጅት መያዝ ይችላሉ። ብዙ ሰው የሚያዘው ውሉን ለ6 ወር ስለሚፈርም ነው። ለ30 ወይም ለ60 ቀን ያድርጉት፤ «ዱዋል ኤጀንሲን ካልተቀበልኩ ለዚያ ቤት ኮሚሽን አይጠየቅብኝም» የሚል ዓረፍተ ነገርም ያስገቡበት።

በዱዋል ኤጀንሲው ከተስማሙ፣ የተመደበልዎ ኤጀንት ከፍ ያለ ዋጋ እንደሚከፍሉ፣ መቸኮልዎን፣ የድርድር ስልትዎን ለሌላው ወገን መግለጥ አይችልም። የቤቱን ጉልህ ጉድለት ግን መደበቅ ክልክል ነው። ድርጅቱ ራሱ ገበያ ላይ ያወጣውን ቤት ለሸጠ ኤጀንት ቦነስ የሚሰጥ ከሆነ በጽሑፍ ማሳወቅ ስላለበት፣ መኖሩን ይጠይቁ።

አቅምዎን የሚያሳብቅብዎ ብዙ ጊዜ ፕሪአፕሩቫሉ፣ ማለትም እስከ ስንት ብድር እንደተፈቀደልዎ የሚገልጸው የባንክ ደብዳቤ ነው። 600,000 ዶላር ተፈቅዶልዎ 520,000 የሚያቀርቡ ከሆነ፣ ፕሪአፕሩቫሉን በ520,000 እንዲጽፍልዎ ሌንደሩን (አበዳሪውን) ይጠይቁ። ዋጋውንም ራስዎ ያጣሩ፦ የሜሪላንድ የንብረት ግምትና ግብር መሥሪያ ቤት (ኤስዳት) ድረ ገጽ ላይ ቤቶች የተሸጡበት ዋጋ በነፃ ይገኛል። በ6 ወር ውስጥ በዚያው ሰፈር የተሸጡ 3 ወይም 4 ተመሳሳይ ቤቶች ይበቃሉ። ኢንስፔክተሩን (ቤቱን የሚፈትሸውን) እና ታይትል ካምፓኒውንም (ባለቤትነቱን አጣርቶ ዝውውሩን የሚያስፈጽመውን) ራስዎ ይምረጡ።

ምስጢርዎ ወጥቷል ብለው ከጠረጠሩ ቀኑንና የተባለውን ዘርዝረው ለብሮከሩ በኢሜይል ይጻፉ፤ ሌላ ኤጀንት እንዲመድብልዎም ይጠይቁ። ካልተፈታ አቤቱታው የሚቀርበው ለሜሪላንድ ሪል እስቴት ኮሚሽን ነው። አቤቱታ ማቅረብ ግን የግዢ ውሉን ቀነ ገደብ አያስቆምም፤ የኢንስፔክሽኑ ወይም የብድሩ ቀን ካለፈ ለቤቱ ያስያዙት ገንዘብ አደጋ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል፣ ቀኑ ሳያልፍ የሪል እስቴት ጠበቃ ያነጋግሩ።