ከዘመድ ጋር ዲም ሰም ስትበሉ ባትሰሯቸው ሚሻሉ ስህተቶች

ወንድሜ ደቡብ ቻይና ያለችው ጓንዡ ከተማ ለንግድ ሲመላለስ ቆይቶ በመጨረሻ እዛው አገባ፣ ሚስቱ የዛው ከተማ ልጅ ናት። ባለፈው ታህሳስ እማዬን፣ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ልንጠይቃቸው ሄድን። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ ስላለ ጉዞው አልከበደንም፣ ግን በደረስን በማግስቱ እሁድ ጠዋት የሚስቱ ቤተሰብ አያት ሳትቀር ተሰብስቦ ዲም ሰም፣ ማለትም በትንንሽ ቅርጫትና ሳህን ከሻይ ጋር ሚቀርበውን ብዙ ዓይነት ምግብ፣ ሲጋብዘን ያላወቅነው ነገር ብዙ ነበር። ጓንዡም ሆነ ሆንግ ኮንግ ዘመድ ልትጠይቁ ቤተሰብ ይዛችሁ ምትሄዱ ካላችሁ እኛ የሰራነውን እንዳትደግሙት ብዬ ነው ምጽፈው።

በልቶ መውጣት ብቻ መስሏችሁ መሄድ

እነሱ "ዲም ሰም እንብላ" ብዙም አይሉም፣ "ያም ቻ" ነው ሚሉት፣ ሻይ እንጠጣ ማለት ነው። ልክ እኛ "ኑ ቡና ጠጡ" ብለን ጎረቤት ስንጠራ ዋናው ቡናው እንዳልሆነው ማለት ነው። ጡረታ የወጡ አዛውንቶች በጠዋት ገብተው አንድ ማንቆርቆሪያ ሻይና ሁለት ዓይነት ነገር አዘው ጋዜጣቸውን ይዘው ሲቀመጡ ታያላችሁ፣ ቤተሰብ ደሞ ቅዳሜና እሁድ ነው ሚሰበሰበው። ስለዚ ከዛ በኋላ ሾፒንግ ምናምን ፕሮግራም ይዛችሁ ሰዓት እያያችሁ አትቀመጡ። ማርፈድም አይሆንም፣ እሁድ ወረፋው ከባድ ነው። እኛ 40 ደቂቃ አርፍደን ስንደርስ አያትየው ቁጥር ወስደው በር ላይ ቆመው እየጠበቁን ነበር፣ እድሜያቸው 80 አልፏል፣ እስካሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

ማትበሉትን ነገር በይሉኝታ ዝም ማለት

ይሄኛው ከሁሉም ይበልጣል። ዲም ሰም ላይ አሳማ ሌላው ቀርቶ ማትጠብቁት ቦታ ሁሉ አለ። ሲዩ ማይ ሚባለው ከላይ ክፍት የሆነው ዳምፕሊንግ (በስስ ሊጥ የተጠቀለለ ጉርሻ በሉት) ውስጡ አሳማና ሽሪምፕ ነው፣ ቻር ሲዩ ባዎ ሚባለው ነጭ ለስላሳ ዳቦ ውስጡ የተጠበሰ አሳማ ነው፣ ሎ ባክ ጎ ደሞ የነጭ ራዲሽ ኬክ ነው ሲሏችሁ ጾም ይመስላችኋል ግን ውስጡ ቋሊማና የደረቀ ሽሪምፕ ይገባል። ሃር ጋው ሚባለው ውስጡ ሚታየው የሽሪምፕ ዳምፕሊንግ እንኳን ሊጡ ላይ ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ ጠብ ይደረግበታል። እኛ ይሄን አናውቅም፣ ብናውቅም "ሰው ጋብዞን እንዴት ይሄን አንበላም እንላለን" ብለን ዝም አልን። ጊዜው ደሞ የነቢያት ጾም ነበር፣ እማዬ ትጾማለች።

አያትየው፣ ልጆቼ "ፖፖ" ነው ሚሏቸው፣ የእናት እናት በነሱ ቋንቋ እንደዛ ነው ሚባለው፣ የመጀመሪያውን ሲዩ ማይ አንስተው ለእማዬ ሳህን ላይ አስቀመጡላት። እማዬ አየችው፣ ከዛ እኔን አየችኝ፣ ቾፕስቲኩን እንደያዘች ቀረች። ጠረጴዛው በሙሉ ጸጥ አለ። ወንድሜ ነው ያዳነን፣ ወደ ፖፖ ጎንበስ ብሎ "ጃይ" አላቸው። ጃይ ማለት የቡድሃ እምነት ሰዎች ስጋና አሳ ትተው ሚበሉት ምግብ ነው። ፖፖ ወዲያው ሲዩ ማዩን ወደ ራሳቸው ሳህን መልሰው የእማዬን እጅ ያዙ፣ እሳቸውም በጨረቃ አቆጣጠር ወር በገባ በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ጃይ ነው ሚበሉት። ሁለቱ ሴቶች አንድም ቃል ሳይነጋገሩ የተግባቡት እዛች ላይ ነው። በማግስቱ ፖፖ ራሳቸው ጃይ ብቻ ሚሰራ ቤት ወሰዱን፣ የእንጉዳይ ዳምፕሊንግ፣ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ ሁሉ ነገር ነበር፣ እማዬ ጠግባ በላች።

ስለዚ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ቦታው ሳይመረጥ፣ በዘመዳችሁ በኩል ንገሩ። አሳማ ብቻ ከሆነ ማትበሉት ስቡንም ጭምር መሆኑን አስረዱ፣ ጾም ከሆነ "ጃይ" በሉ፣ እንቁላልና ወተት ግን እንደ ቤቱ ስለሚለያይ ለይታችሁ ጠይቁ። ተራ ቤት ከገባችሁ የተቀቀለው ቅጠል ላይ ከባህር እንስሳ ሚሰራውን የኦይስተር ሶስ እንዳያፈሱበት መናገር አትርሱ። ሙስሊም ለሆናችሁ ሆንግ ኮንግ ዋን ቻይ ሰፈር የእስልምና ማዕከሉ ህንጻ ውስጥ ያለው ካንቲን ሃላል ዲም ሰም አለው፣ ሲዩ ማይና ሃር ጋው ሳትጨነቁ ምትበሉበት ቦታ ነው።

ሻዩን መናቅ

ቁጭ እንዳላችሁ መጀመሪያ ምትጠየቁት ምን ሻይ እንደምትፈልጉ ነው፣ ሻዩም በሰው ቁጥር ይታሰባል። ጃስሚን ለለመደ ሰው ቀላል ነው፣ ጠቆር ያለው ፑኤር ደሞ ቅባት ላለው ምግብ ተመራጭ ነው ይላሉ። ኮካ ልዘዝ አትበሉ። ማንቆርቆሪያው እጃችሁ ላይ ሲገባ ለራሳችሁ መጀመሪያ አትቅዱ፣ ከትልቅ ሰው ጀምራችሁ ዙሩና መጨረሻ ለራሳችሁ። ሲቀዳላችሁ ደሞ ወሬያችሁን ሳታቋርጡ በሁለት ጣት ጠረጴዛውን መታ መታ ማድረግ ነው፣ ምስጋና ነው። ታሪኩን ሲያወሩት በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነገሰው ቺየንሎንግ ማንነቱን ደብቆ ሲዞር ለአጃቢው ሻይ ቀዳለት፣ አጃቢው ተነስቶ እጅ ቢነሳ ንጉሡ ሊታወቅ ነው፣ ስለዚ ጣቶቹን አጥፎ በጣቱ እጅ ነሳ ይላሉ። እውነትም ይሁን ተረት ልጆቼ ከሰሙ በኋላ ሻይ እስኪቀዳላቸው ነበር ሚጠብቁት። ውሃው ሲያልቅ አስተናጋጅ መጥራት አያስፈልግም፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጎ መተው በቂ ነው፣ መጥተው ይሞሉታል።

አንድ ነገር ደሞ፣ መጀመሪያ ላይ ትልቅ ባዶ ሳህን መጥቶ ትኩስ ሻይ ሲፈስበት ሾርባ እንዳይመስላችሁ። ስኒውና ቾፕስቲኩ ሚለቀለቅበት ነው፣ ትንሹ ልጄ ሊጠጣው አፉ ጋር አድርሶት ነበር።

ሁሉንም ባንዴ ማዘዝ

ድሮ በጋሪ እየዞረ ሚመጣው አሁን ጥቂት ቤቶች ውስጥ ነው የቀረው፣ ሆንግ ኮንግ ሴንትራል ሲቲ ሆል ውስጥ ያለው ማክሲምስ ፓላስ ገና በጋሪ ነው፣ ልጆች ካሏችሁ እሱን ውሰዷቸው። አብዛኛው ቤት ወረቀት ላይ ምልክት ማድረግ ወይም በስልክ ማዘዝ ሆኗል። ሰው ብዙ ነን ብላችሁ 15 ዓይነት አንዴ ካዘዛችሁ የቀርከሃ ቅርጫቱ ይደራረብና ግማሹ ይቀዘቅዛል፣ ሃር ጋው ሲቀዘቅዝ ሊጡ ይደርቃል፣ ቾንግ ፋን ሚባለው የሩዝ ጥቅልል ደሞ እርስ በርሱ ይጣበቃል። አራት አምስት አዛችሁ ስታጋምሱ ሌላ ጨምሩ። አንድ ቅርጫት ላይ ብዙ ጊዜ ሶስት ወይ አራት ፍሬ ነው ያለው፣ ስለዚ ሰው ቁጠሩ፣ ላው ሳ ባዎ ሚባለውን ቢጫ ክሬም ያለውን ዳቦ ደሞ ለልጆች ከፍታችሁ አቀዝቅዙላቸው፣ ውስጡ እንደ ፈላ ዘይት ነው ሚያቃጥለው።

ጉርሻውን መመለስ

ትልልቆቹ ጥሩ ጥሩውን እየመረጡ እናንተ ሳህን ላይ ያስቀምጡላችኋል። ይሄ ጉርሻ ነው፣ በእጅ አልመጣም እንጂ። ማትበሉት ነገር እስካልሆነ ድረስ "አይ በቃኝ" እያላችሁ አትግፉት። የዶሮ እግር ጥፍር ጥፍሩ ሲመጣ ባለቤቴ ፊቱን አዞረ፣ እኛ ቤት ዶሮ 12 ብልት ሆና ስትወጣ እሱ ሚጣል ነው። እነሱ ግን ጠብሰው፣ ዘፍዝፈው፣ ከጥቁር አኩሪ አተር ሶስ ጋር በእንፋሎት አብስለው በፍቅር ነው ሚበሉት። እኔ ሞከርኩት፣ ከአጥንቱ ላይ ቆዳው ልቅቅ ይላል፣ ጣፋጭ ነው። እናንተ ለሌላ ሰው ስታነሱ ደሞ በራሳችሁ ቾፕስቲክ ሳይሆን ለማንሻ በተቀመጠው አድርጉ፣ ቾፕስቲኩን ሩዝ ላይ ሰክታችሁ አታቁሙ፣ ለሞተ ሰው ሚለኮሰውን እጣን ነው ሚመስለው፣ ትልቅ ሰው ፊት በጣም ያስደነግጣል።

ሂሳብ ላይ መሟገት አለማወቅ

"በሞቴ እኔ ልክፈል" እዛም አለ፣ ከኛ አይተናነስም፣ ወረቀቱን መንጣጠቅ ሁሉ አለ። አንዴ ሁለቴ መሞከር አክብሮት ነው፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ጥሩ አይደለም፣ ግን የመጀመሪያው ግብዣ ላይ ለማሸነፍ አትሟገቱ፣ እናንተ እንግዳ ናችሁ፣ ከከፈላችሁ የጋበዛችሁን ዘመድ ታሳፍራላችሁ። ከመመለሳችሁ በፊት በተራችሁ ጥሯቸው። ጓንዡ ላይ ክፍያ በስልክ ስለሆነ ቪዛ ካርዳችሁን አሊፔይ ከሚባለው የስልክ መክፈያ መተግበሪያ ጋር ቀድማችሁ አገናኙት፣ ያኔ "መጸዳጃ ቤት ደርሼ ልምጣ" ብላችሁ ተነስታችሁ መክፈል ትችላላችሁ። ስጦታ ከያዛችሁ የግድግዳም የጠረጴዛም ሰዓት እንዳይሆን፣ ሰዓት መስጠት ሚለው አነጋገር ሟችን መሸኘት ከሚለው ጋር ድምጹ አንድ ነው። እኛ ቡና ነበር የያዝነው፣ እማዬ በመጨረሻው ቀን ወንድሜ ቤት መስኮት ከፍታ ቆላችው፣ ፖፖ እስከ በረካ ተቀመጡ።