የብርሃንን የግራና የቀኝ ሽክርክሪት የሚለይ ካይራል ፔሮቭስካይት፦ አሠራሩና አለካኩ

ካይራል ፔሮቭስካይት የግራ ወይም የቀኝ ቅርጽ ባላቸው ሞለኪውሎች የተሠራ ክሪስታል ነው፤ ስስ ሽፋኑ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ለሚሽከረከር ብርሃን የተለያየ የኤሌክትሪክ ጅረት ይሰጣል። ሽፋኑን መሥራት ያን ያህል አይከብድም፤ ሰውን የሚያሳስተው ልኬቱ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሦስት ናሙና አዘጋጁ፦ አንዱን አር-ሜቲልቤንዚልአሞኒየም አዮዳይድ በተባለው የአሞኒየም ጨው፣ ሁለተኛውን በዚሁ ጨው የኤስ ዓይነት፣ ሦስተኛውን ሁለቱን እኩል በመቀላቀል። አርና ኤስ እንደ ግራና ቀኝ ጫማ ናቸው፤ ቅርጻቸው አንድ ሆኖ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ናይትሮጅን በተሞላ ግላቭ ቦክስ (ከውጭ አየር የተዘጋ መሥሪያ ሳጥን) ውስጥ 115 ሚሊግራም ሊድ አዮዳይድና 124.5 ሚሊግራም የአሞኒየም ጨው በ1 ሚሊሊትር ዲኤምኤፍ (ማሟሚያ ፈሳሽ) አሟሙ። የሞል መጠኑ (በቅንጣት ብዛት) 1 ሊድ አዮዳይድ ለ 2 ጨው መሆኑ ነው። ጨው ካነሰ ሊድ አዮዳይድ ይተርፋል፤ የክሪስታልን አወቃቀር በሚያሳየው የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ልኬት 12.7 ዲግሪ ላይ እንደ ጫፍ ብቅ ይላል። የምትፈልጉት ጫፍ 6 ዲግሪ አካባቢ ያለው ነው። ሊድ መርዝ ስለሆነ ጓንት አታውልቁ፤ ትርፉንም ቧንቧ ውስጥ አትድፉ።

የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ የወርቅ ኤሌክትሮድ ያለበትን መስታወት አጽዱና ፈሳሹን በስፒን ኮተር (መስታወቱን እያሽከረከረ ፈሳሹን በስሱ የሚዘረጋ መሣሪያ) በደቂቃ 4000 ዙር ለ30 ሰከንድ አሽከርክሩ። ከዚያ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ10 ደቂቃ አድርቁ። ጥሩው ሽፋን ብርቱካናማ ቢጫና ጥርት ያለ ነው። ከደበዘዘ አየሩ እርጥበት ነበረው፣ ወይም ፈሳሹ ቀስ ብሎ ደርቋል።

የሌዘሩን ሞገድ ከመምረጣችሁ በፊት የሽፋኑን ሰርኩላር ዳይክሮይዝም፣ ማለትም ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሽከረከረውን ብርሃን በመዋጥ የሚያሳየውን ልዩነት፣ ለኩ። ሽፋኑ ብርሃን አጥብቆ የሚውጠው 500 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ እዚያው አቅራቢያ ምልክቱ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ ይገለበጣል። ሌዘራችሁ መገልበጫው ላይ ካረፈ ጥሩ ሽፋንም ዜሮ ያሳያል።

አደራደሩ ሌዘር፣ ፖላራይዘር (ብርሃኑን በአንድ መስመር ብቻ እንዲርገበገብ የሚያደርግ)፣ ኳርተር ዌቭ ፕሌት (ያን ብርሃን ወደ ተሽከርካሪ የሚለውጥ)፣ ናሙና ነው። ፕሌቱን ከፖላራይዘሩ አንጻር በ+45 እና በ−45 ዲግሪ አቁሙ። ናሙናውን ከማስቀመጣችሁ በፊት በቦታው ሁለተኛ ፖላራይዘር አዙሩ፤ የሚያልፈው ኃይል ከተለዋወጠ ፕሌቱ ለዚያ ሞገድ አልተሠራም፣ ወይም ማዕዘኑ ተዛብቷል።

በ+45 እና በ−45 ዲግሪ ከኤሌክትሮዱ ከምትለኩት ከሁለቱም ጅረት ላይ የጨለማውን (ሌዘሩ ሲጠፋ የሚለካውን) ቀንሱና ልዩነታቸውን ለድምራቸው አካፍላችሁ በ2 አባዙ። 1.10 እና 1.00 ናኖአምፔር ቢሆኑ 0.095 ይወጣል። ናሙናውን በጨረሩ ዙሪያ 90 ዲግሪ አዙራችሁ ድገሙት፤ ምልክቱ ከተገለበጠ ያያችሁት የመስመራዊ ፖላራይዜሽን ርዝራዥ ነው።

አርና ኤስ ተቃራኒ፣ ድብልቁ ዜሮ መስጠት አለባቸው። ሦስቱም አንድ ምልክት ካሳዩ ሽፋኑን አትውቀሱ፤ ፕሌቱ ሲዞር ጨረሩ ከኤሌክትሮዱ ላይ ሸሽቷል፣ ወይም የሌዘሩ ኃይል ተለዋውጧል።