የተላከው አሬይ ሰርቨሩ ዘንድ ባዶ ሆኖ ሲደርስ፦ ችግርና መፍትሄ

ከብራውዘር የተላከ የጄሰን አሬይ (በጄሰን፣ ማለትም መረጃ በጽሑፍ በሚላክበት ቅርጽ፣ የተጻፈ ዝርዝር) ባዶ ሆኖ ሲደርስ ብዙዎች የሰርቨሩን ኮድ መበርበር ይጀምራሉ፤ ይሁንና ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከላኪው ዘንድ ስለሆነ፣ አስቀድሞ የብራውዘሩን የኔትወርክ ገጽ ከፍቶ በእርግጥ የወጣውን ጽሑፍ ማንበብ ይገባል።

እዚያ «[ኦብጀክት ኦብጀክት]» የሚል ከታየ፣ አሬዩ ወደ ጄሰን ሳይለወጥ እንዳለ ለፌች (ከብራውዘር ጥያቄ ለሚልከው የጃቫስክሪፕት ፈንክሽን) ተሰጥቷል ማለት ነው። ፌች አሬይን ወደ ጄሰን አይለውጥም፤ ወደ ተራ ጽሑፍ ቀይሮ ዓይነቱን ቴክስት/ፕሌይን ብሎ ይልከዋል። ቁጥር ብቻ የያዘ አሬይ ሲሆን ደግሞ ቅንፉ ጠፍቶ «1,2,3» ስለሚሄድ፣ ላኪው ትክክል ይመስለዋል።

መፍትሄው አሬዩን በጄሰን ስትሪንጊፋይ ወደ ጄሰን ጽሑፍ መለወጥና በሄደሩ (ከጥያቄው ጋር በሚሄደው መግለጫ) ላይ ኮንቴንት-ታይፕን አፕሊኬሽን/ጄሰን ብሎ መጻፍ ነው። የሚረሳው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። የኤክስፕረስ (በጃቫስክሪፕት ሰርቨር መሥሪያ) የጄሰን አንባቢ ይህን ሄደር ካላገኘ ጽሑፉን ሳይነካ ያልፈዋል፤ በ4ኛው ቅጂም ባዶ ኦብጀክት ስለሚያስረክብ ምንም የስህተት መልእክት አይወጣም። በአንድ የመጋዘን ሥርዓት ላይ ሦስት ቀን የፈጀብኝ ይኸው ነበር። ሠራተኞቹ ትእዛዝ ይልካሉ፣ ስክሪኑ «ተመዝግቧል» ይላል፣ መጋዘኑ ግን አንድም ትእዛዝ አይደርሰውም። ኮዱን የጻፈው ሰው ዝርዝሩ ሲታጣ እንደ ባዶ ቆጥሮ 200 (ተሳክቷል) እንዲመለስ አድርጎ ኖሯል። ዝርዝር ያልያዘ ጥያቄ ሲመጣ እባካችሁ 400 (የተሳሳተ ጥያቄ) መልሱ!

ሄደሩ ሲጨመር ደግሞ ሌላ ነገር ይነሳል። ሰርቨሩ በሌላ አድራሻ ላይ ከሆነ ብራውዘሩ አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠይቅ የኦፕሽንስ ጥያቄ ስለሚልክ፣ ሰርቨሩ ኮንቴንት-ታይፕ የተባለውን ሄደር በግልጽ መፍቀድ አለበት፤ ካልፈቀደ ብራውዘሩ ጥያቄውን አግዶ በኮንሶሉ ላይ ቀይ የስህተት ጽሑፍ ያወጣል። ይህን ስህተት ለማስወገድ ብሎ ሄደሩን መልሶ የሚያጠፋ ሰው በተደጋጋሚ አጋጥሞኛል፤ ቀዩ ጽሑፍ ከኮንሶሉ ይጠፋል፣ አሬዩም እንደገና ባዶ ይሆናል። ይህን ፈጽሞ አታድርጉ።

በጄኩዌሪ (በጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ኤጃክስ ያለ ስትሪንጊፋይ የተላከ አሬይ እንደ ፎርም ስለሚሄድ ቁጥሩ ጽሑፍ ይሆናል፣ ባዶ አሬይም ጨርሶ አይላክም። በፒኤችፒ፣ ጄሰን «ፖስት» በተባለው ተለዋዋጭ ውስጥ አይገኝም፤ ከፒኤችፒ://ኢንፑት ይነበባል። የወጣው ጽሑፍ በትእምርተ ጥቅስ ተከቦ በውስጡ ወደ ኋላ ያዘነበሉ ሰረዞች ከታዩ ሁለት ጊዜ ስትሪንጊፋይ ተደርጓል፤ አንዱን ማንሳት ነው። 413 ከተመለሰ አሬዩ ከገደቡ በልጧል፤ የኤክስፕረስ መነሻ ገደብ 100 ኪሎባይት ነው።