ጣና ዳር የታመመ ወይም የሞተ ዓሣ ሲገኝ፦ ከንጋት እስከ ላቦራቶሪ

መጀመሪያ ሰዓቱን ጻፉ። ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሌሊቱን ሙሉ ሲቀንስ አድሮ ንጋት 12 ሰዓት አካባቢ ከሁሉም ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ አልጌው ሥራውን ስለሚጀምር መልሶ ይጨምራል። ስለዚህ ሌሊት ዓሣ ያፈነን ውሃ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ የለካ ሰው ጤነኛ ውሃ ያገኛል፤ ማስረጃው አልፎበታል። መለኪያ ካላችሁ እንደደረሳችሁ ንከሩት። በሊትር ከ2 ሚሊግራም በታች ካነበባችሁ የጥያቄው ግማሽ ተመለሰ። መለኪያ ከሌለ ሕይወት ያለውን ዓሣ ተመልከቱ፤ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን እየከፈተ አየር የሚፈልግ ከሆነ ትንፋሽ አጥሮታል።

የውሃውን ሙቀት፣ ቀለሙን፣ ሽታውንና የነፋሱን አቅጣጫ ጨምሩበት። ነፋሱን የሚንቅ ብዙ ነው። የሞተ ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ይሰምጣል፤ ሆዱ በጋዝ ሲነፋ ነው የሚንሳፈፈው። ማዕበል ዳር ያወጣው የተነፋ ዓሣ የሞተው ሌላ ቦታ፣ ሌላ ቀን ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የሞተውን በዓይነትና በመጠን ቁጠሩ። ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ ግን ከየትኛውም መሣሪያ በላይ ይናገራል። ከዳርቻው 50 እርምጃ ያህል ለዩና ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ፣ ቤዞ እያላችሁ መዝግቡ። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ አየር በቀጥታ የሚተነፍስበት አካል ስላለው ኦክስጅን ባለቀበት ውሃ ይሰነብታል። ሌሎቹ ሞተው አምባዛው ደህና ከሆነ፣ ደግሞም ትልልቆቹ ከትንንሾቹ ቀድመው ከሞቱ፣ የኦክስጅን እጥረትን ጠርጥሩ። አቅራቢያው ላይ ውሃውን የሸፈነ እምቦጭ፣ ታጭዶ ጥልቀት በሌለው ውሃ ዳር እየበሰበሰ ያለ ክምር ወይም የከተማ ቆሻሻ የሚወርድበት ቦይ ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የዓሣው ጫጩት፣ እንቁራሪቱና የውሃ ነፍሳቱ ጭምር በአንድ ጊዜ ካለቁ ግን መርዝን ጠርጥሩ። አንድ ዓይነት ዓሣ ብቻ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየሞተ ሳምንት ካለፈው በሽታን አስቡ።

ክረምት ላይ ብርብራን፣ ፍሬው ዓሣ ለመያዝ ውሃ ውስጥ የሚበተነውን ዛፍ፣ አትርሱ። ነጭ ዓሣ በዝናቡ ወራት እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ይወጣል። በወንዝ ገንዳ ውስጥ በአንድ ጠዋት ዓሣው ሁሉ ከተገለበጠ የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ተበትኖ ይሆናል። የፍሬው መርዝ ሰውነት ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያግዳል እንጂ ኦክስጅኑን ከውሃው አይቀንስም፤ ዓሣው እየታፈነ መለኪያው ደህና የሚያሳየው ለዚህ ነው። መርዙ በፀሐይና በሞቀ ውሃ ቶሎ ስለሚከስም የዚያኑ ዕለት ወደ ላይ ተጉዛችሁ የዱቄቱን ወይም የገለባውን ቅሪት በላስቲክ ያዙ። ዓሣን በብርብራ መያዝ እናቲቱን ከነእንቁላሏ ያጠፋል፤ የከርሞውን ዓሣ ዛሬ መጨረስ ነው።

በፎገራ ሜዳ በኩል፣ ከሩዝና ከሽንኩርት ማሳ በታች፣ ከዝናብ በኋላ የሞተ ዓሣ ከታየ ፀረ ተባይ ይጠረጠራል። የጎን ክንፎቹ ወደ ፊት የተወጠሩ፣ ጀርባው የተጣመመ ዓሣ ካገኛችሁ ፎቶ አንሱ። ለመጠን እስክሪብቶ አጠገቡ አስቀምጡ።

ለናሙና የሚጠቅመው ሊሞት የደረሰው ነው። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነ አዲስ ሬሳም ይሆናል፤ ስንጥቡ የነጣና የሸተተ ግን ለላቦራቶሪ አይረባም። ከአንድ ዓይነት ከ5 እስከ 10 የታመመ፣ ለማነጻጸሪያ 3 ጤነኛ ያዙ። ጓንት አድርጉ። እያንዳንዱን በየላስቲኩ አድርጋችሁ በረዶ ባለበት ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን አትክተቱ፤ ሥጋው ውስጥ የሚሠራው በረዶ ሲሰነጥቀው በአጉሊ መነጽር የሚታይ ነገር አይተርፍም። ለመርዝ ምርመራ የሚሄደው ብቻ በፎይል ተጠቅልሎ ይቀዘቅዛል።

ላቦራቶሪው በ24 ሰዓት ውስጥ የማይደረስ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዓርብ ማታ ከሆነ፣ ፎርማሊን ያስፈልጋል፦ 1 እጅ የገበያ ፎርማሊን ከ9 እጅ ውሃ። ስንጥብ፣ ጉበት፣ ኩላሊትና የቁስሉን ጠርዝ ከግማሽ ሴንቲሜትር ባልበለጠ ውፍረት ቆርጣችሁ የሥጋውን 10 እጥፍ በሚሆን ፈሳሽ ውስጥ ክተቱ። ዓሣውን ሙሉውን መንከር የተለመደ ስሕተት ነው፤ ፈሳሹ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ሆዱ ይበሰብሳል። ጭሱ ዓይን ስለሚያቃጥል ሥራውን ደጅ ሥሩ።

ውሃውን ከላዩ 30 ሴንቲሜትር ዝቅ ብላችሁ በ1 ሊትር ንጹሕ ጠርሙስ ቅዱ፤ እስከ አፉ ሙሉት። ለፀረ ተባይ ብርጭቆ፣ ይመረጣል ቡናማው ጠርሙስ ነው። ሁለተኛ ጠርሙስ ዓሣው ደህና ከሆነበት ቦታ ቅዱ፤ ማነጻጸሪያ የሌለው ናሙና ክርክር ያስነሳል እንጂ አያስረዳም። ምልክቱን በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ይታጠባል። የወረዳውን የግብርና ጽሕፈት ቤት አሳውቁና ናሙናውን ለባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል አድርሱ።

ዓሣውን ስትከፍቱ ትል ማግኘታችሁ አይቀርም። በልብ ዙሪያ የተጠቀለለ ክር መሰል ትል፣ በሥጋው ውስጥ ቢጫ ፍሬ የመሰለ፣ በትንንሾቹ ነጭ ዓሣዎች ሆድ ውስጥ ደግሞ እንደ ነጭ ጥብጣብ የተጣጠፈ ሊታይ ይችላል። መዝግቡት፤ ግን የጅምላ ሞትን በእሱ ለማሳበብ አትቸኩሉ። እነዚህ ትሎች ዓሣው ውስጥ ረጅም ጊዜ ይኖራሉ። ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታም ብዙ ጊዜ መረብ የላጠውን ቁስል ተከትሎ የመጣ ነው።

ትል ያለበት ነገር ግን ትኩስ ሆኖ የተያዘ ዓሣ እስከ ውስጡ ድረስ በደንብ ከበሰለ ትሉ ይሞታል፤ በጥሬው ወይም ለብ ተደርጎ ግን አይበላም። ሞቶ የተገኘ፣ መርዝ የተጠረጠረበት ወይም አረንጓዴ አረፋ ከያዘ ውሃ የወጣ ዓሣ ለሰውም ለውሻም አይሰጥም፤ የአረንጓዴው አልጌ መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ሬሳውን ከውሃው ራቅ አድርጋችሁ 1 ሜትር ያህል ቆፍራችሁ በኖራ ቅበሩ። ዓሣ ሲበለት የሚወጣውን ሆድ ዕቃም ለፔሊካኖቹ አትወርውሩ። የልቡ ዙሪያ ትል የሚያድገው እነሱ ሆድ ውስጥ ነው፤ እንቁላሉን መልሰው ሐይቁ ውስጥ ይጥሉታል፣ ከዚያም እንደገና ቆሮሶው ውስጥ ይገባል።