እናታችሁ ጉልበታቸውን ከማስቀየራቸው በፊት ምን ልትጠይቋቸው ይገባል?

የጉልበት መገጣጠሚያቸውን በኦፕራሲዮን በሰው ሠራሽ ካስቀየሩ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል በውጤቱ ሙሉ በሙሉ አይረካም። ቁስሉ ድኖ፣ ራጁ አምሮ እንኳ ቅር የሚላቸው አሉ። አንዱ ትልቅ ምክንያት የጠበቁትና ያገኙት አለመገጣጠሙ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ነው።

«በዚህ ጉልበት ምን ማድረግ ይፈልጋሉ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። «ሕመሙ እንዲለቀኝ» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም። እማዬን ስጠይቃት ደረጃ መውጣት፣ ቆማ ማስቀደስና መስገድ አለችኝ። ጽፈን ለሐኪሙ ሰጠነው። በሁለቱ ተስፋ ሰጣት። ስለ ስግደቱ ግን ብዙ ሰው በተቀየረ ጉልበት መንበርከክ እንደሚከብደው በግልጽ ነገራት። ከፋት። ግን አስቀድማ ስለሰማች የንስሐ አባቷን ለማማከር ጊዜ አገኘች። ቆመሽ ጎንበስ እያልሽ ስገጂ አሏት።

ስለ በርጩማም አንሱ። አዲስ ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። ለወንበርና ለደረጃ ይበቃል፣ ቁጢጥ ለማለት ግን አይበቃም። እኛ ረከቦቱን ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አወጣነው። አገር ቤት የሚሄዱ ከሆነ የሽንት ቤቱን ነገር ቀድማችሁ አስቡበት።

እንደ እኛ አሜሪካ ያላችሁ፣ ሆስፒታሉ በነፃ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ጠይቁ። መብታችሁ ነው። ልጅ ሲያስተረጉም ክፉውን ያለሳልሳል፤ እናትም ለልጇ የማትናገረው ነገር አላት።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ስለሚመጣው ንገሯቸው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው። የጉልበቱ እብጠትና ሙቀት ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ መሻሻሉም እስከ ዓመት ድረስ ይቀጥላል። ከጠባሳው ወደ ውጭ በኩል ቆዳው ይደነዝዛል፤ አንዳንዴም ጉልበቱ ቀጭ ይላል። ይህን ያልሰማ ሰው ኦፕራሲዮኑ የተበላሸ ይመስለዋል።

ትራስ ከጉልበት ሥር አታድርጉ። ይመቻል፣ ግን እግሩ ቀጥ ብሎ እንዳይዘረጋ ያደርጋል። ከተረከዙ ሥር አድርጉት። የሕመም ማስታገሻው ከፊዚዮቴራፒው በፊት እንዲሠራ አስቀድማችሁ ስጡ። ጠያቂ በዝቶ ለሰዓታት ከተቀመጡ ጉልበቱ ይደርቃል። እኔ እንግዶቹን «እስኪ አብራችኋት ኮሪደሩን ተመላለሱ» እላቸው ነበር፤ ማንም አልተቀየመኝም።

ባታቸው ካበጠና ካመማቸው፣ ካተኮሳቸው ወይም ከቁስሉ ፈሳሽ ከወጣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ደውሉ። ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ደረታቸውን ከወጋቸው ግን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።